የአያቴ ማሽኤፍና አራቱ ጥያቄዎች

ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ስላለባቸው ሰዎች፣ ስለ ሲጋራና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የተጻፉ ጥናቶችን ለሴሚናር ሳነብ አንድ የዕብራይስጥ ቃል እየተደጋገመ ይመጣብኛል፦ «ሄዓኑት ለቲፑል»። በአማርኛ «ሕክምናን በአግባቡ መከታተል» እንለዋለን። የዕብራይስጡ ቃል ሥር ግን መልስ መስጠት ነው። መልስ ካለ ደግሞ ጥያቄ አለ። ጥናቶቹ በሽተኛውን ሲመረምሩ ኖረዋል፤ እኔ እዚህ መመርመር የፈለግኩት ጥያቄውን ነው።

በዚህ መስክ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ሞሪስኪ፣ ግሪንና ሌቪን በ1986 ያሳተሙት አጭር መጠይቅ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ይረሳ እንደሆነ፣ በአወሳሰዱ ግዴለሽ ይሆን እንደሆነ፣ ሲሻለው ያቆም እንደሆነ፣ ሲብስበትም ያቆም እንደሆነ ይጠይቃል። በቃ፣ አራት ጥያቄ። ብልሃቱ አይካድም። ሰው «አዎ» ማለት ስለሚቀናው፣ ጥፋቱን የሚያሳየው መልስ «አዎ» እንዲሆን አድርገው ነው የጻፉት። የተሞከረው ግን በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ነበር፤ ወደ ሳንባ በሽታ የተሻገረው ኋላ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ እያለ፣ እዚሁ አሽቀሎን፣ አያቴን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ነርሷ እንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎችን በዕብራይስጥ ጠየቀች። «ትረሳለች?» ስትል ለአያቴ ተረጎምኩላት፤ አያቴም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኔ «አትረሳም» ብዬ አስተላለፍኩ። «ግዴለሽ ትሆናለች?» ሲባል ግን አፌ ተያዘ። በአማርኛ ግዴለሽ ማለት እኮ ስድብ ነው፤ ለአያት አይባልም። ስለዚህ ሳልጠይቃት «አይ» ብዬ መለስኩ። «ታጨሳለች?» ለሚለውም «አታጨስም»። በፋይሉ ላይ ሁሉም ጥሩ ሆኖ ሰፈረ።

ቤት ግን ሌላ ነበር። አያቴ ሁለት ማሽኤፍ ነበራት። ሰማያዊው ወዲያው ትንፋሿን ስለሚከፍትላት ከእጇ አይለይም። በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ግን ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። «ይሄ አይሠራም» ትለኛለች። ሁለት ቀን ሞክራው ምንም ስላልተሰማት ነው። በቀናትና በሳምንታት እንጂ በደቂቃ እንደማይሠራ የነገራት የለም። ይህ መርሳት አይደለም፣ ግዴለሽነትም አይደለም። ሞክራ፣ አይታ፣ ፈርዳ ነው። የጎደላት እውቀት ነበር፤ አራቱ ጥያቄዎች ደግሞ እሱን አይጠይቁም።

የሲጋራው ጥያቄም እንዲሁ ነው። አያቴ በዕድሜዋ ሲጋራ ይዛ አታውቅም። ነገር ግን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስክትመጣ ድረስ፣ ጎንደር አካባቢ፣ ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ነው የኖረችው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስን ለሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ መንስኤ ከሚሆኑት መካከል ይቆጥረዋል። «ታጨሳለች?» የሚለው ጥያቄ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ «አይ» ዘጋው።

ሁለተኛው ትችቴ ሲጋራና መድኃኒትን በአንድ ከረጢት መጨመርን ይመለከታል። አጎቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ከዚያ በረንዳ ወጥቶ ያጨሳል። በጥናቶቹ ቋንቋ እሱና አያቴ ሁለቱም «የማይከታተሉ» ናቸው፤ ግን ምን ያገናኛቸዋል? የእሱ የኒኮቲን ሱስ ነው። ፍሌቸርና ፒቶ በ1977 እንዳሳዩት፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው የጠፋውን የሳንባ አቅም ባይመልስም የመውረዱ ፍጥነት ይቀንስለታል። በ1994 ውጤቱ የታተመው፣ 5,887 አጫሾች የተሳተፉበት የአሜሪካና የካናዳ ጥናትም ማቆም ውድቀቱን ሲያዘገይ፣ የተሰጣቸው አየር ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ግን የረጅም ጊዜ ሂደቱን እንዳልለወጠ አገኘ። ስለዚህ ለአጎቴ ማሽኤፉን በሰዓቱ መሳብ የማቆምን ቦታ አይተካለትም። በእስራኤል ከ2010 ጀምሮ የማቋረጫ መድኃኒቶች በጤና ቅርጫት ገብተዋል፤ የተሰጡት ግን ከማቋረጫ ቡድን ወይም ከምክር ጋር ተያይዘው ነው። ዕብራይስጡ ለሚከብደው ሰው እዚያ ተቀምጦ ስለ ሱሱ ማውራት ቀላል አይደለም።

«መጠይቁን በደንብ መተርጎም ነው» የሚል ይኖራል። ትርጉም ይረዳል፤ «ረፉአ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራምም አማርኛ ተናጋሪ አገናኞችን ወደ ክሊኒክ ማስገባቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን የተሳሳተ ጥያቄ በጥሩ አማርኛም የተሳሳተ ነው። ባለፈው ዓመት አያቴን «እስቲ እንዴት እንደምትስቢው አሳዪኝ» አልኳት። ነቀነቀችው፣ አፏ ላይ አደረገችው፣ ተጫነችው፤ ያን ጊዜ ትንፋሿን ወደ ውጭ አስወጣች። መድኃኒቱ አየር ላይ ቀረ። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች እንጃ።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። ታማሚው ማሽኤፉን በእጁ ያሳይ። ስለ ሲጋራ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ጭስ ስንት ዓመት እንደተነፈሰ ይጠየቅ። ሦስተኛው ከራሴ ጥፋት የመጣ ነው፤ በፋይሉ ላይ ማን እንደመለሰ ይጻፍ። ያን ቀን የመለስኩት እኔ ነበርኩ። አያቴ ግን አልተጠየቀችም።