ውኃ የሚያውቅ ሃምሳ አለቃ

በእጄ ያለፉ የዕጩ መኮንን መመዘኛ ቅጾች ካርታ ንባብን፣ የትእዛዝ አጻጻፍንና የተኩስ አመራርን ዘርዝረው ይጠይቃሉ። ውኃ ግን «አቅርቦት» ከሚለው ርእስ ሥር በአንድ መስመር ያልፋል። ደጋ ላይ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ነገሌ ቦረና ወይም ሞያሌ ላይ ሰው የሚመዝን ግን ያን መስመር ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው ጦር ወታደሮችና የበታች ሹማምንት መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ምግቡ የሚበላ አልነበረም። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ወታደሩ የሚበላውን አበሏቸው፣ የሚጠጣውንም አጠጧቸው። አመፁ በየካቲት ወደ ደብረ ዘይትና አሥመራ ተዛመተ፤ በሰኔ ደርግ ተቋቋመ። ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ አድርገው ይጽፉታል። እኔ ደግሞ በመዛኝነት ሙያዬ ዐይን ሳየው የምዘና ጉድለት ይታየኛል። መኮንኖቹ ለማዕረጋቸው የሚያበቃውን ሥልጠና ጨርሰው የመጡ ናቸው። ሰው በቆላ አኑሮ ማዘዝ መቻላቸውን ግን ከወታደሮቻቸው በፊት የመዘነ አልነበረም።

ይኸው ምድር ከዚያ በፊትም አስተምሮ ነበር። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶርያ ግንባር በጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ሲሸነፍና ነገሌ በጠላት እጅ ስትገባ፣ ጦሩን የፈጀው ጥይት ብቻ አልነበረም። ጥም እያቃጠለው ወደ ወንዝ ሊወርድ የሞከረውን ወታደር መትረየስ ይጠብቀው ነበር። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ እስኪገናኙ ድረስ በመካከላቸው ያለው አገር ሰፊና ደረቅ ነው። እዚያ ጦር የሚመራ ሰው ከጠላት ቦታ እኩል የውኃውን ቦታ ማወቅ አለበት።

ታዲያ ይህን የሚያውቀው ማነው? ብዙ ጊዜ ለመኮንንነት የሚታጨው ነባር ሃምሳ አለቃ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በድንበር ጠረፍ የኖረ፣ ቦቴ ያጀበ፣ የቆመ ጄኔሬተር በሌሊት ያስነሳ ሰው። ይህ ሰው ለሥልጠና ሲገባ ከትምህርት ቤት ከመጣው ወጣት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን እንደገና እንዲማር ይደረጋል፤ የማያውቀውን ለመማር ደግሞ ጊዜ ያጥረዋል። የቀደመ ልምድ ዕውቅና የሚባለው፣ ሰው በሥራ ላይ ያገኘውን ችሎታ መዝኖ የሚያጸድቀው ሥራ የመጣው ይህን ለማቃናት ነው።

ሥራው ማዕረግ በቸርነት ማደል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። መዛኝ በቀረበለት ማስረጃ ላይ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ከሚመዘነው ብቃት ጋር ይገናኛል ወይ? በቂ ነው ወይ? የሰውየው የራሱ ሥራ ነው ወይ? ዛሬም ይችለዋል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎችን ይጥላል። ከብዙ ዓመት በፊት ፓምፕ የጠገነ ሰው ዛሬ መፍቻ ሲሰጠው እጁ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ሲሠራ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ የምወደው ፈተና ቀላል ነው። 120 ሰው ያለው ሻምበል ለሁለት ቀን ይንቀሳቀሳል፤ ውኃውን አስላ እላለሁ። በሙቀት የሚጓዝ ወታደር በቀን 10 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። ለአንድ ቀን 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 60 ጀሪካን ይሆናል፤ ለሁለት ቀን 120 ጀሪካን። ወጣቱ ዕጩ ይህን በፍጥነት ያሰላና ያቆማል። ነባሩ ግን ጥያቄ ያነሳል።

«ጌታዬ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢቀርስ?»

«አንተ ንገረኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

ከዚያ በኋላ ደረቁን ወንዝ ያሳየኛል፤ አሸዋው የሚቆፈረው ወንዙ በሚታጠፍበት፣ በውጭው ዳር መሆኑን፣ የከብት ማጠጫ ከሰው መቅጃ መራቅ እንዳለበት፣ የወጣው ውኃ ሳይታከም እንደማይጠጣ። ቀጥሎ የሚናገረውን በየትኛውም ቅጽ ላይ አላገኘሁትም፦ ከቦረና ኤላ፣ ማለትም ከጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ ለመቅዳት መጀመሪያ አባ ሄሬጋውን ማነጋገር ግድ ነው። የዕለቱን ተራ የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ወታደሩን መሣሪያ አስይዞ ተራ የሚያዘልል መኮንን የዚያን ቀን ውኃ ያገኝ ይሆናል፤ አካባቢውን ግን ያጣል። ይህ የሕዝብ ግንኙነት ብቃት ነው፣ የአመራር ብቃትም ነው፤ ሊመዘን ይገባዋል።

ይኸው ሰው ታዲያ ትእዛዙን በጽሑፍ አቅርብ ሲባል ይደናቀፋል። የጦርነት ሕግ ላይም ክፍተት ይኖረዋል። እነዚህ ክፍተቶች ተለይተው ሊሞሉ ይገባል፤ የወደቀበትን ብቻ ይማር፣ ያለፈበት ይመዝገብለት። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሆነውን ደግሞ የፓምፕ ዕውቀቱን በአማርኛ ድርሰት መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው። በቃልና በተግባር ይጠየቅ፤ የጽሑፍ ችሎታው ለብቻው ይመዘን።

ነባር የበታች ሹምን ወደ መኮንንነት የማሻገር መንገድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት፣ ከነጻነት በኋላ ከተራ ወታደርነት የተነሱ የበታች ሹማምንት ወደ መኮንንነት የሚሻገሩበት በር ነበር። በ1950 ዓ.ም. በህንድ መኮንኖች የተጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። በሁለቱ ምሩቃን መካከል የነበረው መናናቅ ሠራዊቱን ጎድቷል፤ አንዱ የሌላውን ዕውቀት የሚለካበት የጋራ ሚዛን አልነበረምና። በውጭ አገር ብናይ፣ እንግሊዞች ነባር የበታች ሹማምንታቸውን መኮንን ሲያደርጉ ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ውስጥ ለብቻ በተዘጋጀ አጭር ኮርስ ያሳልፏቸዋል።

በሲቪሉ በኩልም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሙያን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ለሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ምዘና እንዲቀርብ ፈቅዷል። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ሰውየው ተመልሶ እንዲመጣ ያደርገዋል። ነገሌ ላይ ከሠራዊት የተሰናበተ የፓምፕ ሠራተኛ በዚሁ በር ገብቶ ለከተማ የውኃ አገልግሎት ሊቀጠር ይችላል፤ ሠራዊቱ ውስጥ እያለ የተመዘነበት መዝገብ ቢኖረው ደግሞ ሥራው ይቀልለት ነበር።

የመኮንን ብቃት ደረጃ ለምታዘጋጁ ወገኖቼ የምለው አንድ ነው። ውኃን ከአቅርቦት ሥር አውጡትና ራሱን የቻለ የብቃት ክፍል አድርጉት። ምዘናው በደረቅ ወቅት፣ በቆላ፣ በተግባር ይሁን። ነባሩ ሃምሳ አለቃ ሲያልፍ ዕውቅናውን በዚያው ስጡት፤ ለወጣቱ ዕጩም አሠልጣኝ አድርጋችሁ መድቡት። ይህን ክፍል ያላለፈ ግን፣ ሌላው ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለቆላ ጦር አዛዥነት አይመደብ።