የደምሴ ዳምጤ «እኛ»

ሐርጌሳ ውስጥ የእግር ኳስ ምሽት በሻይ ቤቶች የሚሰማው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ዐረብኛ ነው፤ አልፎ አልፎም እንግሊዝኛ። ጥግ ይዘን የምንቀመጥ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን፣ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሳናነሣው የማናልፈው አንድ ስም አለ፤ ደምሴ ዳምጤ። ለዓመታት በኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስፖርትን ያስተላለፈው ይህ ጋዜጠኛ ዛሬ በሕይወት የለም። ስሙ ሲጠራ ተከትሎ የሚመጣው ውዳሴ ነው። ውዳሴው ይገባዋል፤ ነገር ግን ውዳሴ ብቻውን የአንድን ሰው ሥራ አይመዝንም።

ከእሱ በፊት እነ ሰለሞን ተሰማና ፍቅሩ ኪዳኔ የስፖርት ጋዜጠኝነትን መንገድ ጠርገዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አገሪቱ ገና ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ ሜዳ ያልገባ ሰው የነበረው ጆሮው ብቻ ነው። የደምሴም ኃይል የተወለደው ከዚሁ ከጆሮ ዓለም ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ተርጓሚ መሆኔ አንድ ነገር እንድታዘብ ረድቶኛል። አማርኛ ለጨዋታ ማስተላለፊያ የሚመች ቋንቋ አይደለም፤ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና። «አጥቂው ኳሷን ከቀኝ መስመር ወደ ግብ ክልሉ» ብሎ የጀመረ ሰው «አሻገራት» እስኪል ድረስ ኳሷ ተመልሳ መሐል ሜዳ ልትደርስ ትችላለች። ደምሴ፣ በእኔ ጆሮ፣ ይህን ችግር የተወጣው ግሱን በመጣል ነው። ስም ይጠራል፤ በላዩ ሌላ ስም ይደርባል፤ የቀረውን የድምፁ መውጣትና መውረድ ይሞላዋል። ሰዋስውን የሚያፈርስ መሳይ፣ ነገር ግን አድማጩን ከኳሷ እኩል የሚያስኬድ ብልሃት ነው። ሰዎች «የስሜት ሰው» እያሉ ሲያሞግሱት ይህንን ሙያውን የዘነጉት ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። ደምሴን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ይህ ጨዋታ ነው። እኔ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ጨዋታውን የሰማነው አዴር እያልን ከምንጠራቸው ሶማሌ ጎረቤታችን ደጃፍ፣ በእሳቸው ሬዲዮ ነበር። የአዴር አማርኛ ከገበያ ያለፈ አልነበረም። ሆኖም ምቱ ሲመታ «ሪጎሬ!» ብለው ብድግ የሚሉት ከእኛ ቀድመው ነው። (ቃሉን ከጣሊያን የወረስነው እኛም እነሱም ነን፤ እዚህ ሐርጌሳም ዛሬ ድረስ ሪጎሬ ነው።) ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሰፈሩ በጩኸት ሲናጥ፣ አዴር በሶማልኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «የእነዚያኞቹ በረኛ እንዴት ያለ ነው?» የመለሰላቸው አልነበረም። እኛ የሰማነው የራሳችንን ልጆች ብቻ ነበር።

የደምሴ ትልቁ ጸጋና ትልቁ ጉድለት አንድ ላይ የተቀመጡት እዚህ ላይ ነው። ወገኑን አልደበቀም፤ «እኛ» ሲል አገር ሙሉ ይነሣለት ነበር። ተጋጣሚው ግን በዚያ «እኛ» ጥላ ሥር ፊት አልባ ይሆናል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ማይክራፎን ሌላ ልማድ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ይህ ያስረዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም። ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ከደረሰበት ከነሐሴ 1969 ዓ.ም. ወዲህ ገና አሥር ዓመት ብቻ ማለፉን ለሚያስታውስ፣ አንድ ሶማሌ አባት ያንን «እኛ» ቁጭ ብለው መስማታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቴሌቪዥን ሥራው ብዙ የምለው የለኝም። ምስሉ ግሱን አስቀድሞ ስለሚናገር የስሞቹ ድርድር ጉልበቱን ያጣል፤ ተመልካቹ የሚያየውን ደግሞ ይሰማል። ከእሱ በኋላ የመጡት የኤፍ ኤም ስፖርተኞች በበኩላቸው የእንግሊዝን ክለቦች ዝውውር ሲተነትኑ ይውላሉ፤ ሜዳውን በቃል የሚሥል ግን ጥቂት ነው።

በቅርቡ ስለ ጎረቤት አገር የሬዲዮ ሰዎች ጥቂት ገጽ በሶማልኛ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የራሷ ሬዲዮ የነበራት፣ ድምፅ የምታውቅ ከተማ ናትና ደምሴን መረጥኩ። የግሱ ነገር እምብዛም አላስቸገረኝም። ያስቆመኝ «እኛ» ነው። ሶማልኛ ሁለት «እኛ» አለው፦ የሚያዳምጠውን ሰው የሚጨምር «ኢነጋ» እና እሱን ወደ ውጭ የሚተው «አነጋ»። አማርኛ ይህን ምርጫ አይጠይቅም፤ ደምሴም ተጠይቆ አያውቅም። መጀመሪያ «አነጋ» ብዬ ጻፍኩ፤ የአዴር ብድግ ማለት ትዝ ሲለኝ ሰረዝኩት። «ኢነጋ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ ስለ በረኛው የጠየቁት ጥያቄ መጣብኝ። ገጹ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።