ክብ ቤት በስሜን ተዳፋት

ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ የሚታየውን ክብ ጎጆ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ሾጣጣው የሣር ክዳን ዝናቡንና በረዶውን ቶሎ ያወርዳል፤ ክቡ ግድግዳ ለነፋስ ማዕዘን አይሰጥም፤ ከሰው ጋር የሚያድረው ከብትም ቤቱን ያሞቃል። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ጀርመናዊው ሺምፐር ቢሳተፍበት እንኳ ቅርጹ የባዕድ አይደለም፤ የዚሁ የገበሬ ጎጆ ዘመድ ነው። (ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አሰናዱት የሚባለውን ደብር ባላጋራቸው ነገሡበት።) በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ ግን ጎጆው በቆርቆሮ ቤት ተተካ። ዋልያን ቅርስ ያለ ዕቅድ የቤት አሠራሩንም ጥበብ ከቅርስ ሊቆጥረው ይገባ ነበር፤ ቆርቆሮ በደጋ ሌሊት ሙቀት አይዝምና።