«ድኗል» የሚለው ማን ነው?

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ከከባድ የአእምሮ ሕመም እያገገመ ያለ ሰው «ዳነ» የሚባለው መቼ ነው? ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱን ሲያቆም? መድኃኒቱን በሰዓቱ ሲውጥ? ወይስ ገበያ ወጥቶ፣ ፍየሉን ሸጦ፣ ከሰው ጋር ሲጫወት ውሎ ሲመለስ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ሕክምና ሠራ ወይም አልሠራም የሚባለው፣ ገንዘብና ባለሙያ የሚመደብለትም ለዚህ በሚሰጠው መልስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንተቸው መድኃኒቱን ሳይሆን ሚዛኑን ነው።

ሚዛኑ ሁዳስ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ ነው። ሰፊው ቅጂ 36 ጥያቄዎች አሉት። ስድስት ነገሮችን ይዳስሳል፦ ማሰብና መግባባትን፣ መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ ከሰው ጋር መስማማትን፣ የቤትና የውጭ ሥራን፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ መሳተፍን። ባለፉት 30 ቀናት እነዚህን ለማድረግ ምን ያህል እንደተቸገራችሁ ይጠይቃል። ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው፤ የበሽታውን ስም ትቶ ኑሮን ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ገጠርም ተፈትሾ በጥቅሉ ደህና ውጤት አሳይቷል።

ይኸው ሚዛን በአገራችን አንድ ትልቅ ጥናት ላይ ውሏል። በጉራጌ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ (ወላይታ ሶዶ አይደለም)፣ ራይዝ የተባለ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታተለ። ሁለቱም ቡድኖች በጤና ተቋም ይታከማሉ፤ አንደኛው ግን በተጨማሪ ለ12 ወራት ቤቱ ድረስ ይጎበኛል። ጎብኚዎቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ስለ ሕመሙ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራሉ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ ያግዛሉ፣ ማኅበረሰቡንም ያስተባብራሉ። ውጤቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዓመት በኋላ የተጎበኙት ሰዎች የኑሮ ችግር ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክኒን ብቻውን የማይደርስበት ቦታ እንዳለ፣ እዚያም በሰው መድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ግን እዚህ ላይ ቆም በሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ መልሱን የሰጠው ማን ነው?

የጥናቱ ዋና መለኪያ የተሞላው በታማሚው ቃል አይደለም፤ በሚንከባከበው ሰው ቃል ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ሕመሙ የበረታበት ሰው ስለ ራሱ ለመመለስ ሊቸገር ይችላል። ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። እናት ልጇ ጮኾ ካልረበሸ፣ ከቤት ወጥቶ ካልጠፋ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ትላለች። ልጁ ግን ጥግ ይዞ ዝም ያለው ደህና ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ደግሞም ዓመቱን ሙሉ እንግዳ እየመጣ ሲረዳው የኖረ ቤተሰብ «ለውጥ የለም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ሁላችንም እናውቀዋለን እኮ! ውጤቱ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ስለ ማገገም ስናወራ የመጀመሪያው ምስክር ያገገመው ሰው ራሱ ይሁን ነው የምለው።

አሁን ሚዛኑን በሐሳብ ይዘነው ወደ ደቡብ ኦሞ እንውረድ። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ ስትሄዱ በመንገዱ ላይ ካኮን ታገኛላችሁ። በበናዎች አካባቢ ያለች የገበያ መንደር ናት። ሕዝቡ ማሽላ ያመርታል፣ ከብትና ፍየል ያረባል፣ ንብ ያንባል። እስቲ እዚያ የምትኖር፣ በማገገም ላይ ያለች አንዲት ወጣት አስቡና መጠይቁን እንሙላላት።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ረጅም መንገድ መሄድ ይከብድሻል ወይ ይላል። ለእሷ አንድ ኪሎ ሜትር ረጅም አይደለም፤ ገበያ የሚመጣው ሰው ሰዓታት ይጓዛል። ለጥቂት ቀናት ብቻሽን መቆየት ያስቸግርሻል ወይ ይላል። ብቻውን መኖር መቻል የጤና ምልክት የሚሆነው የት ነው? በእሷ መንደር የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል ሲቀርብ ጠርቶ የሚያጠጣት ሰው ማጣት ነው የሚያሳስበው። ባለፉት 30 ቀናት ይላል። ከብት ለግጦሽ ርቆ በሚሄድበት በበጋ ነው ወይስ ማሽላ በሚታረምበት ወቅት? በወቅቱ ልክ ሥራውም ይለያያል፤ ስለዚህ ነጥቧ ከሕመሙ ይልቅ ዝናቡን ሊለካ ይችላል። በዚያ ላይ የምታስበው በበና ቋንቋ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ቢመጣ ከስሜቷ ጋር እንዴት ይገናኛል?

ይህን ጉድለት አስቀድመው ያዩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉ። በካሳሁን ሀብታሙ የተመራ ቡድን በቡታጅራ አካባቢ ሰው በእርግጥ በየቀኑ ከሚሠራውና ከሚሳተፍበት ነገር ተነሥቶ የራሱን መለኪያ ሠራ፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ስሙም የአካባቢውን ስም ይዟል፤ የቡታጅራ መለኪያ ነው። ከሁሉ የማደንቀው ይህን መንገድ ነው። ግን ቡታጅራ ካኮ አይደለችም። በደጋ የሚኖር ገበሬ የሚመዘንበትን ከብት አርቢ ላይ ብንጭነው፣ ያንኑ ስሕተት በአገር ልጅ እጅ መድገም ይሆናል። ከቡታጅራ መውሰድ ያለብን የጥያቄዎቹን ዝርዝር ሳይሆን አሠራሩን ነው፦ መጀመሪያ ሰዎቹን «እዚህ አገር ደህና ሆኖ መኖር ማለት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ።

«ታዲያ እያንዳንዱ መንደር የየራሱ ሚዛን ከያዘ እንዴት እናወዳድራለን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሁዳስን የምንጥለው አይደለም። የጋራው ሚዛን ከአገር አገር ያወዳድር፤ ከጎኑ ግን የአካባቢው ጥያቄ ይኑር፣ የሰውየው የራሱ ቃልም ይግባበት። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ እሰየው! አዲስ ነገር የምንማረው ያኔ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ታክሞ የተመለሰ ጓደኛ ወይም ዘመድ ሲኖራችሁ «ዳነ እንዴ?» ብላችሁ ቤተሰቡን አትጠይቁ። ሕክምናው በሐኪሙ ምክር ይቀጥል። እናንተ ግን እሱኑ ቀርባችሁ «መመለስ የናፈቀህ ምን ነበር?» በሉት። ገበያ ካለ፣ አብራችሁት ውጡ።