«ምስጠራ» ያልሆነውን «ምስጠራ» ስለ ማለት

የተጠቃሚን ስምና የይለፍ ቃልን አያያዝ በሚመለከቱ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ የተለመዱት ሙያዊ ቃላት ሁሉ እኩል የተሳኩ አይደሉም። «የይለፍ ቃል» የተባለው ስያሜ መልካም ነው፤ «ይለፍ» በኬላ ለሚያልፍ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ በመሆኑ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የምንነቅፈው ከኬላው ወዲያ ያሉትን ስያሜዎች ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት የሚገልጹትን ነው።

የመጀመሪያው ችግር «ማረጋገጥ» የሚለው ቃል የተሸከመው ጭነት ነው። ኦተንቲኬሽን፣ ቬሪፊኬሽንና ኮንፈርሜሽን ሁሉም በዚሁ አንድ ቃል ሲተረጎሙ እናያለን፤ አልፎ አልፎም ኦቶራይዜሽን ይታከልበታል። ዳሩ ግን የሰውን ማንነት መለየት አንድ ተግባር ነው፤ የተለየው ሰው ምን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት መወሰን ደግሞ ሌላ ነው። ዘበኛ እንግዳውን ስላወቀው ብቻ ጓዳውን አይከፍትለትም። ስለዚህ ኦተንቲኬሽን «ማንነትን ማረጋገጥ»፣ ኦቶራይዜሽን «ፈቃድ መስጠት» ቢባሉ ልዩነቱ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ችግር ከቃል አልፎ ጉዳት የሚያስከትል ነው። ኢንክሪፕሽንም ሀሺንግም «ምስጠራ» ይባላሉ። ምስጠራ ግን ፍቺ ያለው ነገር ነው፤ ቁልፉን የያዘ ሰው የተመሰጠረውን መልሶ ያነባል። ሀሺንግ መመለሻ የለውም። ተጠቃሚው በሚገባበት ጊዜ የሰጠው ቃል እንደገና በዚያው ስልት ያልፋል፤ ከተቀመጠው ውጤት ጋር ከተመሳሰለ ይገባል፤ ዋናው ቃል ግን በመዝገብ አይገኝም። «የይለፍ ቃሉ ተመስጥሮ ይቀመጥ» የሚለውን ትርጉም አምኖ የሚሠራ ፕሮግራም ጸሐፊ ቁልፍ ያበጃል፤ ቁልፍም ይሰረቃል።

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአዶቤ ኩባንያ የተሰረቁት የይለፍ ቃሎች በኢንክሪፕሽን የተያዙ ነበሩ። ኩባንያው ራሱ ጉዳዩ 38 ሚሊዮን ያህል ንቁ ተጠቃሚዎችን እንደሚነካ አስታወቀ። አንድ ዓይነት ቃል የመረጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት ስለነበራቸው፣ የማስታወሻ ፍንጮቹም ሳይመሰጠሩ አብረው ስለተገኙ፣ ቁልፉ ባይገኝም እንኳ ብዙው ቃል በግምት ተደረሰበት። መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ የማይመለሰውን ስልትና በያንዳንዱ ቃል ላይ የሚታከለውን «ሶልት» አስረድተዋል።

እንግዲህ ለሀሺንግ ምን እንበል? እኛ «መፍጨት» እንላለን። የተፈጨ እህል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ወፍጮ ያየ ሁሉ ያውቃል። ሶልትም «ጨው» ቢባል ከባዕድ ቃል የተቀዳ ቢሆንም ባዳ አይሆንም፤ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበት የለምን? ጨው በመለያየቱ አንድ ዓይነት ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች ውጤታቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው ቢክሪፕት ደግሞ ሆን ተብሎ ዝግ እንዲል የተሠራ ወፍጮ ነው፤ አንዱን ቃል ለመፍጨት የሚፈጀው ጊዜ ለባለቤቱ አይታወቀውም፤ ሚሊዮኖችን በግምት ለሚሞክር ሌባ ግን ዕዳ ነው።

«ሀሽ» እንዳለ ቢወሰድ ምን ይጎዳል የሚሉ ይኖራሉ። ውሰት በራሱ ነውር አይደለም፤ «ኮምፒዩተር»ንም ወስደናል። ምሳሌያችንም ሁሉን እንደማይሸከም እናምናለን፤ አንድ እህል ሁለት ጊዜ ቢፈጭ ቅንጣቱ ፍጹም አይመሳሰልም፤ ሀሽ ግን አንዱን ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ይሁን እንጂ «ሀሽ» ለአማርኛ አንባቢ ዝም ያለ ቃል ነው፤ «መፍጨት» ግን አለመመለስን ራሱ ይናገራል። ሙያተኞች «ሀሽ»ን ቢመርጡም አንከራከርም፤ የማንቀበለው «ምስጠራ»ን ብቻ ነው። የማይታወቅ ቃል አንባቢን ያስጠይቃል፤ የተሳሳተ ቃል ግን ሳያስጠይቅ ያሳስታል።