ግዳይ ሳይሆን የሄደ አንበሳ፦ የቶም ብሬዲ ስንብትና የቡፋሎ ደጋፊዎች

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ቶም ብሬዲ ሁለት ጊዜ ጫማ ሰቅሏል። መጀመሪያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ተሰናበተና በአርባኛው ቀን ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። በዓመቱ በዚያው ዕለት፣ ባሕር ዳርቻ ሆኖ በቀረጸው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ቪዲዮ፣ ጨዋታ ማቆሙን ዳግም አስታወቀ፤ ይህኛው ጸና። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ስንብቱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከወዳጆቹ ወገን ነው፦ ስድስት የሱፐር ቦል (የሊጉ ፍጻሜ) ዋንጫ ካመጣላቸው ከኒው ኢንግላንድ ፓትርየትስ ደጋፊዎች፣ ወይም ሰባተኛውን ካገኘላቸው ከታምፓ ቤይ ሰዎች። እኔ የማተኩረው ሃያ ዓመት ሙሉ በእሱ እጅ በተቀጡት፣ በተለይም በቡፋሎ ቢልስ ደጋፊዎች ላይ ነው። ጠላታቸው ሄደ፤ ደስታቸው ግን ጎደሎ ሆነ። ይህ ጉድለት ስለ ስፖርት ደጋፊነት ከተለመደው ትንታኔ የጠለቀ ነገር ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ማጥቃቱን ሁሉ የሚመራው ተጫዋች ነው፤ ኳሱ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል፣ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነውም እሱ ነው። ብሬዲ በ2000 ወደ ሊጉ ሲገባ የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነበር። በሴፕቴምበር 2001 የፓትርየትስ ዋና ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ በኒውዮርክ ጄትስ ተከላካይ ክፉኛ ተመትቶ ሲጎዳ ተቀይሮ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ቦታውን አላስነካም። ፓትርየትስና ቢልስ አንድ ምድብ ውስጥ ስላሉ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይጋጠማሉ። በታምፓ ማሊያ ያደረገው አንድ ጨዋታ ሲጨመር፣ ብሬዲ ቡፋሎን 33 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ብቻ ተሸንፏል። በሊጉ ታሪክ አንድ ኳርተርባክ አንድን ቡድን ይህን ያህል ጊዜ ያሸነፈበት ሌላ ምሳሌ የለም።

ሦስቱን የቡፋሎ ድሎች ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የቡፋሎ ደጋፊ አንድ በአንድ ያውቃቸዋልና። የመጀመሪያው በ2003 የውድድር ዘመን መክፈቻ የተገኘ 31 ለ 0 ነው። የቢልስ ኳርተርባክ ያኔ ራሱ ብሌድሶ ነበር፤ ብሬዲ ቦታውን ከወሰደበት በኋላ ፓትርየትስ በ2002 ለቡፋሎ አሳልፈው ሰጥተውታል። በዚያ ቀን ተገፍቶ የወጣው ሰው ገፍቶ ያስወጣውን ሲያሸንፍ ያየ ሁሉ ታሪክ ሚዛኗን ያስተካከለች ሳይመስለው አልቀረም። በዚያው የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ግን ፓትርየትስ ውጤቱን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ 31 ለ 0 መለሱት፤ ያንኑ ዓመትም በዋንጫ ደመደሙት። ሁለተኛው በ2011 የተገኘው 34 ለ 31 ነው። ቢልስ 21 ለ 0 ከተመሩ በኋላ ብሬዲን አራት ኳስ ነጥቀው አሸነፉ። ከሦስቱ እውነተኛው ድል ይህ ነው ባይ ነኝ። ሦስተኛው በ2014 መጨረሻ የተገኘ ሲሆን፣ ፓትርየትስ የጥሎ ማለፍ ቦታቸውን አስቀድመው ስላረጋገጡ ብሬዲ ከእረፍት በኋላ አልተሰለፈም።

ሌላ አንድ ቀንም አለ። ብሬዲ ከኳስ አየር መቀነስ ጋር በተያያዘው ክስ የአራት ጨዋታ ቅጣት ተጥሎበት በነበረበት በ2016፣ ቢልስ የፓትርየትስ ሜዳ እስካለበት እስከ ፎክስቦሮ ሄደው 16 ለ 0 ረቷቸው። ብሬዲ ቅጣቱን ጨርሶ ወር ሳይሞላ ወደ ቡፋሎ መጣና 41 ለ 25 አሸነፋቸው። በነዚህ ሁለት ውጤቶች መሀል የተለወጠውን ነገር ለማወቅ ተንታኝ አያስፈልግም ነበር። «አጭበርባሪ ነው» እያሉ ታሪኩን ለማጣጣል የሚሞክሩ ደጋፊዎች ጥቂት አይደሉም፤ በ2007 ፓትርየትስ የተቃራኒ ቡድን ምልክቶችን በካሜራ በመቅረጽ መቀጣታቸውንም ይጨምራሉ። ክሶቹ መሠረት የላቸውም አልልም። ይህ መንገድ ግን ደጋፊውን ራሱን ይጎዳል። የገጠመው ጠላት ሐሰተኛ ከነበረ፣ ሃያ ዓመት የቻለው ሥቃይም ትርጉም ያጣል።

እዚህ ላይ ወደ ጽንሰ ሐሳቡ ልግባ። ስለ ስፖርት ደጋፊዎች ሥነ ልቦና ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ሮበርት ቻልዲኒ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ያሳተመው ጥናት ነው። ተማሪዎች የፉትቦል ቡድናቸው ባሸነፈ ሳምንት የዩኒቨርሲቲያቸው ስም ያለበትን ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ፣ ስለ ድል ሲያወሩም «እኛ» ማለት እንደሚቀናቸው አሳይቷል። ሰው የሌላውን ክብር ይሞቃል ነው ነገሩ። ቡፋሎ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሐሳብ ይቸገራል። ከ1999 የውድድር ዘመን በኋላ ቢልስ ለ17 ተከታታይ ዓመታት ጥሎ ማለፍ አልገቡም፤ የሚሞቅ ክብር አልነበረም። ደጋፊው ግን «እኛ» ማለቱን አልተወም፤ በበረዶ ኦርቻርድ ፓርክ ስታዲየም መቆሙንም እንዲሁ።

ከዚህ ይልቅ የራሳችን የፉከራ ሥርዓት ነገሩን የሚገልጥልኝ ይመስለኛል። በፉከራ የገዳይ ክብር የሚለካው በተገዳዩ ነው፤ አንበሳ የጣለና ሚዳቋ የጣለ እኩል አይፎክሩም። ስለዚህ ፎካሪ ጠላቱን አያሳንስም፤ ቢያሳንሰው የራሱ ግዳይ ይቀልበታል። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ብሬዲ በተሰናበተ ጊዜ የተቀናቃኞቹ ደጋፊዎች ያሳዩት ስሜት ለሁለት ይከፈላል። የኒውዮርክ ጃያንትስ ደጋፊ በኩራት ሊሸኘው ይችላል፤ በፌብሩዋሪ 2008 እስከዚያ ቀን 18 ጊዜ ተጫውቶ ያልተሸነፈውን የብሬዲን ቡድን 17 ለ 14፣ ከአራት ዓመት በኋላም 21 ለ 17 በሱፐር ቦል አሸንፈውታል። የፊላዴልፊያ ኢግልስ ደጋፊም በ2018 የተገኘውን 41 ለ 33 ይዟል። ዓመት ከዓመት ሲሸነፍ የኖረው የጄትስ ደጋፊ እንኳ ጃንዋሪ 2011 ፎክስቦሮ ላይ በጥሎ ማለፍ 28 ለ 21 ማሸነፉን ይናገራል። ብሬዲ በገነነ ቁጥር እነዚህ ግዳዮች ይገናሉ። «የዘመናት ሁሉ ምርጥ» ሲባል የሚሰሙት ስለ ራሳቸውም ጭምር ነው።

የቡፋሎ ሰው ይህ የለውም። በጥሎ ማለፍ አንድ ቀን እንኳ አልገጠመውም። ያመለጠ ድል ቢኖረው በቁጭት ይይዘው ነበር፤ እሱን የገጠመው ግን ዕድሉ ራሱ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአትላንታ የፋልከንስ ደጋፊ በ2017ቱ ሱፐር ቦል 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ 34 ለ 28 መሸነፉ ዛሬም ያንገበግበዋል። ቢያንስ ግን ብሬዲን ጥግ አስይዞ ያየበት ምሽት አለው።

ለቡፋሎ ለዚህ የቀረበው ዲሴምበር 12 ቀን 2021 ታምፓ ላይ ነበር። ብሬዲ 44 ዓመቱ ነው። እረፍት ላይ ታምፓ 24 ለ 3 ይመራ ስለነበር የለመዱት ዓይነት ምሽት መሰለ። ከእረፍት በኋላ የቢልስ ኳርተርባክ ጆሽ አለን ቡድኑን ተሸክሞ 27 ለ 27 አደረሰ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ወደ ቢልሱ ኳስ ተቀባይ ስቴፎን ዲግስ በተወረወረ ኳስ ላይ ተከላካዩ ጎትቶታል ብለው ቢልስ ቢጮኹም ዳኞቹ ዝም አሉ። ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ፤ ቢልስ ኳሱን ቀድመው አግኝተው ምንም ሳያገኙበት መለሱት። ከዚያ ብሬዲ በሜዳው መሀል ለሚሮጠው ለቡድን ጓደኛው ለብሬሻድ ፔሪማን አጭር ኳስ ወረወረለት፤ ፔሪማን 58 ያርድ ይዞት ሮጠ፤ 33 ለ 27። ያ ውርወራ፣ ጥሎ ማለፉ ሲቆጠር፣ የብሬዲ 700ኛ ተችዳውን (ኳሱ የተቃራኒው የጎል ክልል ሲደርስ የሚቆጠር ነጥብ) ነበር። ከቡፋሎ ጋር ዳግም አልተገናኘም። የዚህን ጨዋታ ዝርዝር ከታምፓ ደጋፊ ይልቅ የቡፋሎው አጥርቶ ቢተርክ አይገርመኝም፤ አሸናፊ ዋንጫውን ይቆጥራል፣ ተሸናፊ ግን እያንዳንዷን ሰከንድ መልሶ መላልሶ ይመረምራል።

ከአንድ ወር በኋላ ቢልስ በጥሎ ማለፍ ፓትርየትስን 47 ለ 17 ደመሰሱ፤ ጨዋታውን ለመጨረስ ጊዜ ከገደሉበት በቀር ኳስ በያዙ ቁጥር ተችዳውን አገቡ። ደስታው እውነተኛ ነበር። በዚያ ማሊያ ውስጥ ግን ብሬዲ አልነበረም። ቀጥሎ ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 መጣ። በዚያ እሑድ ከሰዓት ብሬዲ በሎስ አንጀለስ ራምስ 30 ለ 27 ተሸነፈ፤ ከመጀመሪያው ስንብቱ በፊት ያደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ይኸው ነው። በዚያው ቀን ምሽት ቢልስ ካንሳስ ሲቲ ላይ 13 ሰከንድ ሲቀር እየመሩ ነበር። የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ በነዚያ 13 ሰከንዶች ቡድኑን አቻ አድርጎ በተጨማሪ ሰዓት 42 ለ 36 አሸነፈ፤ የቢልስ ማጥቃት በተጨማሪው ሰዓት ኳስ አልነካም። ሊጉ በዚያ ጨዋታ ምክንያት የጥሎ ማለፉን የተጨማሪ ሰዓት ደንብ ቀየረ። አሮጌው ጠላት ሊወጣ በር ላይ በቆመበት ቀን አዲሱ ገባ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የስንብቱ ዜና ሲሰማ ቡፋሎ ገና ከዚያ ምሽት አላገገመችም ነበር።

ብሬዲ ሲሰናበት የስፖርት ጸሐፊዎች ከተቀናቃኝ ደጋፊዎች የሚመጣውን የአክብሮት ቃል «ጨዋነት» ብለው ያልፉታል። ይህ ላይ ላዩን ብቻ ማየት ነው። ቡፋሎ ብሬዲን በጨዋነት አልወደደችውም። በ2012 ከሱፐር ቦል በፊት የከተማዋ ሆቴሎች ደህና እንዳልሆኑ መናገሩ አልተረሳም። ሰዎቹን ያስቆጣቸው የሆቴል ነገር አልነበረም። በ1950 ከ580 ሺህ በላይ ሰው የነበራት፣ ትልቁ የላካዋና ብረት ፋብሪካ በ1983 ከተዳከመ በኋላ ወጣቶቿ የተሰደዱባት፣ በ2020 ቆጠራ 278 ሺህ ሰው የተገኘባት ከተማ ከቦስተን አካባቢ በመጣ ባለድል ስትናቅ የሚሰማት ሌላ ነው። ቢሆንም ይህች ከተማ ሽንፈትን የምትይዝበት የራሷ ወግ አላት። በጃንዋሪ 1991 የቢልስ ኳስ መቺ ስኮት ኖርዉድ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ወጥታ ሱፐር ቦሉ 20 ለ 19 በጠፋ ማግሥት፣ ናያግራ አደባባይ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ኖርዉድን በስሙ እየጠራ መድረክ ላይ አውጥቶ አጨበጨበለት። የብሬዲ ጉዳይም ከዚህ ወግ ተለይቶ መነበብ የለበትም። «33 ለ 3» የሚለውን ቁጥር የቡፋሎ ደጋፊ የሚያነሳው ለብሬዲ ክብር ብሎ አይደለም፤ ያን ሁሉ አይቶ ያልሄደ ምስክር እሱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ስንብት ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ቡፋሎ ከወር በፊት የቢልስ ተጫዋች ዳማር ሃምሊን ሲንሲናቲ ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ከወደቀበት ድንጋጤ ገና እየወጣች ነበር፤ የብሬዲ ቪዲዮ ያን ያህል ቦታ አላገኘም። ጥላቻውም ወደ ማሆምስ ዞሮ ነበር። እሱን ግን የሚጠሉት በሌላ ዓይነት ነው። ከ2021 እስከ 2024 በመደበኛው ውድድር አራት ተከታታይ ጊዜ አሸንፈውታል፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ በጃንዋሪ 2021፣ 2022፣ 2024 እና 2025 አራት ጊዜ ተሸንፈውለታል። ብሬዲ እንደ ክረምት የሚቻል እንጂ የሚመታ አይመስልም ነበር። ማሆምስ ሊመታ እንደሚችል ግን በዓይናቸው አይተዋል፤ የቀራቸው በጥሎ ማለፍ ማየት ነው፤ ለዚያም ጊዜው አላለፈም።