«ጣይቱ» ስለሚለው የሴት ልጅ ስም

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ እስከ እንጦጦ በሚዘረጋው ተራራ ግርጌ ያደገ ሰው «ጣይቱ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እንጦጦ የእቴጌይቱ መናገሻ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው በታች በፍል ውኃ አጠገብ የተቈረቈረችው ከተማም «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም ያገኘችው ከእርሳቸው ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አገር ፀሐይ፣ ፀሐይነሽና ዘውዲቱ የሚባሉ ሴቶች ሞልተው ሳለ፣ ጣይቱ የምትባል ሕፃን ማግኘት ብርቅ ነው። ስሙ በሆቴል በርና በታሪክ መጽሐፍ ላይ ይነበባል፤ እናት ልጇን ስትጠራበት የሚሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው። ዝናው የሰፋ፣ ተሸካሚው ያነሰ ስም ስለ ኢትዮጵያ የስም አወጣጥ ብዙ ያስተምራል። ነገር ግን የዚህ ስም ትርጓሜ በሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ተሸፍኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ስሕተት «ጣይቱ ማለት የኢትዮጵያ ብርሃን ማለት ነው» የሚለው አፈታት ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ስምን ከማዕረግ ጋር ቀላቅለዋል። በኦርቶዶክስ ቤት የተወለደች ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አንድ ስም ይሰጣታል፤ በቤት የምትጠራበት ስም ሌላ ነው፤ ለዙፋን የበቃች እንደ ሆነ ደግሞ የክብር መጠሪያ ይጨመርላታል። የ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር እቴጌ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በቤት ምንትዋብ፣ በዙፋን ብርሃን ሞገሳ ተብለዋል። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱም የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። እንደዚሁ ሁሉ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያምና የወይዘሮ የውብዳር ልጅ በክርስትና ወለተ ሚካኤል ተባሉ። «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የእቴጌነታቸው መጠሪያ ነው። የመጀመሪያውን ስም ቤተ ክርስቲያን፣ የመጨረሻውን ቤተ መንግሥት ሰጠ፤ «ጣይቱ» ግን የቤት ስም ነው። ስለ ኢትዮጵያም ሆነ ስለ ዘውድ የሚናገር አንድም ፊደል የለበትም። ሦስቱን አንድ አድርጎ መፍታት ስሙን ያከበሩ መስሎ ከቤተ ሰብ መንጠቅ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ስሙን የ«ፀሐይቱ» ብልሽት አድርጎ መቍጠር ነው። ቃሉ ግን የአማርኛን ሕግ ጠብቆ የሄደ ነው። በግዕዝ በጸ የሚነገረው በአማርኛ ብዙ ጊዜ ወደ ጠ ይለወጣል፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጽዋ ጥዋ ይባላል። ለፈውስ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያዳመጠ ሰው «ጸበል»ም «ጠበል»ም ሲባል ይሰማል፤ «ጠበል» ያለውን ሁሉ አበላሸህ የሚለው የለም። በመካከል የነበረችው ሐም እንደ ልማዷ ድምፅዋን አጥታለች፤ የግዕዙ ሠሐቀ በአማርኛ ሳቀ፣ ሰሐበም ሳበ እንደ ሆነ ሁሉ ፀሐይም ጣይ ሆነ። ስለዚህ «ጣይ» የፀሐይ አማርኛዊ መልክ ነው እንጂ የተሰበረ ቃል አይደለም።

በመጨረሻው ያለችው «ቱ»ም ያለ ምክንያት አልገባችም። በዛሬው የከተማ ንግግር «ልጅቷ» በሚባልበት ስፍራ ቀድሞ «ልጂቱ» ይባል ነበር፤ ንግሥት ንግሥቲቱ፣ ዘውድም ዘውዲቱ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። አማርኛ ፀሐይን «ወጣች፣ ጠለቀች» እያለ በሴት አንቀጽ ይናገራል። እንግዲህ «ጣይቱ» ሲባል ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያውቃት፣ ሁለተኛ የሌላት ያቺ ፀሐይ ማለት ነው። ይህንንም ያህል ነገር በሦስት ፊደል መናገር የስሙ ውበት ነው።

እንዲህ ያለ ስም ስለ ምን ብርቅ ሆነ? «ታላቅ ሰው ስለ ያዘው ሌላው ፈራው» የሚለው መልስ አያጠግብም። የዐፄ ቴዎድሮስን ስም የያዙ ወንዶች ቍጥር ስፍር የላቸውም፤ ዘውዲቱ የሚለውንም ስም ንግሥት ስለ ነገሡበት የተወው የለም። ይልቁንም ዘውዲቱንና ጣይቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት ይበጃል። ሁለቱም በአንድ ሰዋስው ተሠርተዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቤተ መንግሥት ተሰምተዋል። ልዩነቱ ዘውድ የሚለውን ቃል ሕፃንም ሽማግሌም ሲያውቀው፣ ጣይ የሚለው ግን ከከተማ አንደበት እየራቀ መሄዱ ነው። በመጽሐፍ፣ በትምህርት ቤትና በሬዲዮ የጸናው አማርኛ የግዕዙን መልክ «ፀሐይ»ን መረጠ። ከዚያ በኋላ ዘውዲቱን የሰማ ዘውድን ሲያስብ፣ ጣይቱን የሰማ እቴጌይቱን ብቻ ያስባል። ቃሉ ሲረሳ ስሙ እንደ ተዘጋ ሣጥን ይሆናል፤ ከውጭ የተጻፈበት እንጂ ውስጡ አይታወቅም። ወላጅ ደግሞ ትርጕሙን በጆሮው የማይሰማውን ስም ለልጁ ለማውጣት ያመነታል።

በእርግጥ ጣይቱ የሚለውን ስም ፈልገው የሚያወጡ ወላጆች አሉ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ባስነሣው ክርክር የእቴጌይቱ ጽናት፣ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያደረገው ምክራቸው፣ በዚያው ዓመት በዐድዋ መዝመታቸው ይህን ምርጫ ያስረዳል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም ዝናውን ያድሰዋል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ስሙን ለመታሰቢያ ብቻ መስጠት ነው። እንዲህ የተሰየመች ልጅ ገና ዳዴ ሳትል ዐድዋን ትሸከማለች፤ ብታጠፋ «አይ ጣይቱ!» ተብላ ትወቀሳለች፤ ዝም ብትል ስሟን እንዳላከበረች ይቈጠርባታል። በውጭ አገር ለምትወለደው ልጅ ነገሩ ይብሳል። የላቲን ፊደል ጠንና ተን አይለይምና ስሟ «ታይቱ» ተብሎ ይነበባል፤ ጆሮም ከጣይ ይልቅ ታየ ወደሚለው ግሥ ይወስደዋል። በዚያን ጊዜ ስሙ ፀሐይነቱንም አጥቶ የአንዲት እቴጌ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገልለው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በዚያው ኖሩ። እቴጌ የተባሉት በ1882 ዓ.ም. በዚሁ ተራራ ላይ ነበር፤ ሥልጣኑ የቀረው ግን ወደዚያ ከመመለሳቸው በፊት ነው። ስሙ ግን ከሥልጣኑ ቀድሞ ነበር፤ ከሥልጣኑም በኋላ ቀረ። ጣይቱ ብለው የጠሯቸው ሰዎች ውጫሌንም ዐድዋንም አያውቁም ነበር፤ ያዩት አንዲት ሕፃን ነው። በየካም ይሁን በሌላ አገር ዛሬ ልጁን ጣይቱ ብሎ የሚጠራ ወላጅ አስቀድሞ «ጣይ ማለት ፀሐይ ነው፤ ለቤታችን የወጣሽው ፀሐይ አንቺ ነሽ» ብሎ ይንገራት። የእቴጌይቱን ታሪክ ከዚያ በኋላ ብትማረው ስሙ ጌጥ ይሆናታል፤ አይከብዳትም።